ብስክሌት በነፋስና በዝናብ ፊት

ስለ ጋደምታ ብስክሌትና ስለ መከለያው የተሰጠ ንግግር



የሰው ልጅ በገዛ ጡንቻው ኃይል ከቦታ ወደ ቦታ ለመጓዝ ከሠራቸው መሣሪያዎች ሁሉ ከብስክሌት ጋር የሚወዳደር እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጥቂት ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረትና ጎማ አንድን ሰው በእግሩ ሊሄድ ከሚችለው በሦስትና በአራት እጥፍ ፍጥነት ያደርሰዋል። ይሁን እንጂ ብስክሌት ከተፈለሰፈ ጀምሮ ያልተላቀቀው አንድ ባላጋራ አለ፤ ይኸውም አየር ነው። ዳገት ሲያልፍ ቁልቁለት ይከተላልና የወጣው ድካም በከፊልም ቢሆን ይመለሳል። ለአየር የተከፈለ ድካም ግን አንድ ጊዜ ከሄደ አይመለስም።

ዛሬ የሚቀርበው ንግግር ይህን ባላጋራ ለመቋቋም ስለተሠራ ልዩ ዓይነት ብስክሌት ነው። ነጂው እንደ ተለመደው በኮርቻ ላይ ጎንበስ ብሎ አይቀመጥም፤ ዝቅ ባለ መቀመጫ ላይ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ፔዳሉን ይገፋል። ለአነጋገር እንዲያመች «የጋደምታ ብስክሌት» ሊባል ይችላል። ከነጂው ፊት ለፊት ወይም በዙሪያው የሚደረገው፣ ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ፣ ከጨርቅ ወይም ከፋይበር የሚሠራው ስስ ሽፋን ደግሞ በዚህ ንግግር «መከለያ» ተብሎ ይጠራል።

ስለዚህ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ፍጥነቱ ነው። እዚህ የሚነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ነፋስ ከጎኑ ሲመታውና ዝናብ ሲወርድበት መሣሪያው ምን ይሆናል? የሚለው ነው። መንገደኛ ፀጥ ያለ ቀን መርጦ አይወጣም፤ ሥራው በሚጠራው ሰዓት ይወጣል። ወዳጅ በክፉ ቀን ይታወቃል እንደሚባለው ሁሉ መሣሪያም የሚመዘነው በክፉ ቀኑ ነው። የንግግሩ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አየር የሚያስከፍለው ዋጋ

የአየር ተቃውሞ የሚያድገው በፍጥነት ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል፤ ነፋስ በሌለበት ቀን ይህን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚጠየቀው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የተቃውሞው መጠን የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው አካሉ አየርን በሚገፋበት የፊት ስፋት፣ ሁለተኛው አየሩ በአካሉ ዙሪያ በሰላም ለማለፍ በመቻሉ ወይም ባለመቻሉ ነው። ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው ቁጥር በተራ ብስክሌት ላይ ቀጥ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ወደ 0.5 ካሬ ሜትር ይጠጋል። መከለያ የሌለው የጋደምታ ብስክሌት ይህን ቁጥር ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። በሚገባ የተሠራ ሙሉ መከለያ ሲለብስ ግን ቁጥሩ እስከ 0.05 ካሬ ሜትር ይወርዳል፤ ማለትም አንድ አሥረኛ ይሆናል።

የዚህ ትርጉም በምሳሌ ቢታይ የተሻለ ነው። ጤናማ የሆነ ተራ ሰው ለረጅም ሰዓት ሳይደክም ሊሰጥ የሚችለው ኃይል 100 ዋት ገደማ ነው። ይህ ሰው በተራ ብስክሌት፣ ነፋስ በሌለበት ሜዳ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ለአየር 50 ዋት ያህል፣ ለጎማዎቹ ተቃውሞ ደግሞ 27 ዋት ያህል ይከፍላል። ድምሩ ከአቅሙ በታች ስለሆነ ጉዞው ደስ ይላል። አሁን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ለፊቱ ይነሣ እንበል፤ ይህ ዐውሎ ነፋስ አይደለም፤ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ የዘወትር ነፋስ ነው። ሰውየው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ለመሄድ ቢፈልግ ለአየር ብቻ ከ200 ዋት በላይ ይጠየቃል። ይህም ሥልጠና ያለው ተወዳዳሪ የሚሰጠው ኃይል ነው። ተራው ሰው ግን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያልባል፤ ሥራው ቦታም ዘግይቶ ይደርሳል።

በዚያው ነፋስ ውስጥ በሙሉ መከለያ የተሸፈነ የጋደምታ ብስክሌት በዚያው ፍጥነት ቢሄድ ለአየር የሚከፍለው 21 ዋት ያህል ብቻ ነው። የመከለያው ክብደት በጎማዎቹ ላይ የሚጨምረው ተቃውሞ ቢታሰብ እንኳ ድምሩ ከ60 ዋት አይበልጥም። ከፊት የሚመጣ ነፋስ ለዚህ መሣሪያ ከቁም ነገር የሚቆጠር አይደለም ማለት ነው። ይህን ስሌት ያየ ሰው ሁሉ ተራው ብስክሌት ለምን ከመንገድ እንዳልጠፋ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ በከፊል በታሪክ፣ በከፊል ደግሞ በነፋሱ አቅጣጫ ውስጥ ይገኛል።

ከአራት ጎማ ወደ ሁለት ጎማ

በፈረንሳይ አገር ሻርል ሞሼ የሚባል ሠሪ «ቬሎካር» የተባለ፣ በፔዳል የሚነዳ፣ ባለ አራት ጎማና ባለ ሁለት መቀመጫ ተሽከርካሪ ይሠራ ነበር። ተሽከርካሪው ፈጣን ቢሆንም ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ይናጋ ስለነበር ሞሼ አሳቡን ወደ ሁለት ጎማ አዞረ። ከዚህም ባለ ሁለት ጎማው የጋደምታ ብስክሌት ተገኘ። በ1933 ዓ.ም. ፍራንሲስ ፎር የተባለው ተወዳዳሪ በዚህ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር በመጓዝ ኦስካር ኤግ በ1914 ያቆመውን የ44.247 ኪሎ ሜትር ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህ ሁሉ የሆነው ያለ አንዳች መከለያ፣ በአቀማመጥ ለውጥ ብቻ ነበር።

ነገሩ በብስክሌት ማኅበራት ዘንድ ትልቅ ክርክር አስነሣ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት በ1934 የውድድር ብስክሌት ምን መምሰል እንዳለበት የሚወስን ደንብ አወጣ፤ በዚህም ደንብ የጋደምታ ብስክሌት ከይፋዊ ውድድር ውጭ ሆነ። ሞሼም በዚያው ዓመት አረፈ። ፎር ግን ሥራውን አልተወም፤ በ1939 መከለያ በለበሰ የጋደምታ ብስክሌት በአንድ ሰዓት 50.537 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ይህ ቁጥር ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፣ ኤዲ መርክስ በ1972 አየሩ ስስ በሆነባት በሜክሲኮ ከተማ ላይ በተራ የውድድር ብስክሌት ያስመዘገበው 49.431 ኪሎ ሜትር መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት ተዳፍኖ ቆየ። በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የሎንግ ቢች ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ቼስተር ካይል የብስክሌትን የአየር ተቃውሞ ሲመረምር ቆይቶ፣ በ1975 የማናቸውም ቅርጽ ብስክሌት የሚገባበት ውድድር በኧርዊንዴል ተደረገ። በሚቀጥለው ዓመትም በሰው ኃይል ለሚነዱ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ተመሠረተ። በ1986 ፍሬድ ማርካም በጋርድነር ማርቲን በተነደፈው «ጎልድ ረሽ» በተባለ ሙሉ መከለያ ባለው ብስክሌት በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳ። በ2016 ደግሞ ካናዳዊው ቶድ ራይከርት በኔቫዳ ባትል ማውንቴን አጠገብ በሰዓት 144.17 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ይህን ሁሉ ያደረገው የሰው እግር ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ ያለውን ደንብ ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነቱ የአጭር ርቀት ፍጥነት ውድድር ክብረ ወሰን የሚመዘገበው የነፋሱ ፍጥነት በሴኮንድ ከ1.67 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ሳይበልጥ ሲቀር ነው። ነፋስ ከተነሣ ተወዳዳሪዎቹ ይቆያሉ፤ ወይም ሙከራው አይቆጠርም። ብዙዎቹ የክብረ ወሰን መሣሪያዎች ነጂው ውስጥ ከተዘጋ በኋላ እግሩን አውጥቶ መሬት መርገጥ የማይችልባቸው ናቸው፤ ሲነሡ ደጋፊ፣ ሲቆሙ ተቀባይ ይፈልጋሉ። ራይከርት የነዳው «ኤታ» የተባለው ብስክሌትማ መስኮት እንኳ የለውም፤ ነጂው መንገዱን የሚያየው በካሜራና በስክሪን ነው። እነዚህ ታላላቅ የምሕንድስና ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን የተመቻቹት ለአንድ ፀጥተኛ ምሽትና ለአንድ ቀጥተኛ መንገድ እንጂ ለዘወትር መንገደኛ አይደለም።

ከጎን የሚመጣው ነፋስ

መከለያ የፊቱን ነፋስ የሚያሸንፈው ረዥምና ስስ በመሆኑ ነው። ነገር ግን ከፊት ሲታይ ጠባብ የሆነው ነገር ከጎን ሲታይ ሰፊ ግድግዳ ነው። ፊትን የሚጠብቅ ጋሻ ለጎን መያዣ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው የሚያገኘው ነፋስ የተፈጥሮው ነፋስና የራሱ ፍጥነት ድምር ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነጂ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በቀጥታ ከጎኑ የሚመጣ ነፋስ ቢያጋጥመው፣ መሣሪያው የሚሰማው ነፋስ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሆኖ ከግማሽ ቀኝ ማዕዘን በላይ ዞሮ ከጎን የሚመታ ነው። ከፊት ለሚመጣ አየር የተቀረጸው ቅርጽ እዚህ ላይ እንደ መርከብ ሸራ መሥራት ይጀምራል።

የጎን ስፋቱ 1 ካሬ ሜትር የሆነን መከለያ የ40 ኪሎ ሜትሩ የጎን ነፋስ ብቻውን 74 ኒውተን በሚያህል ጉልበት ሊገፋው ይችላል፤ የመሣሪያው የራሱ ፍጥነት ሲታከል ደግሞ ይህ ይጨምራል። ነጂውና ብስክሌቱ በአንድነት 100 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ይህን 74 ኒውተን ለመቋቋም 4 ዲግሪ ያህል ወደ ነፋሱ ማዘንበል ይበቃል። ነፋሱ ሳይለዋወጥ የሚነፍስ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ልምድ ያለው ነጂ 4 ዲግሪ አዘንብሎ ሰዓታት ሊጓዝ ይችላል።

አደጋው ያለው በድንገተኛው ግፊት ላይ ነው። ሁለት ጎማ ያለው መሣሪያ ወደሚፈልገው አቅጣጫ ለማዘንበል አስቀድሞ ጎማዎቹን ወደ ተቃራኒው መውሰድ አለበት። ነፋስ ከቀኝ በድንገት ሲመታ አካሉ ወደ ግራ መውደቅ ይጀምራል፤ ነጂው ከመውደቅ የሚድነው መሪውን ወደ ግራ አዙሮ ጎማዎቹን ከሥሩ በማስገባት፣ ከዚያም አልፎ በማስኬድ ነው። ያን ጊዜ አካሉ ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደ ነፋሱ ያዘነብላል። በዚህ መካከል ግን ብስክሌቱ ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን ሳይወድ ተጉዟል። በግራው በኩል የጭነት መኪና የሚያልፍ ከሆነ ይህች አጭር ርቀት በሕይወትና በሞት መካከል ያለች ርቀት ልትሆን ትችላለች። ነፋሱ ከመኪናው ወገን ሲነፍስ ደግሞ የጭነት መኪናው ራሱ ሲያልፍ ነፋሱን ለአፍታ ይጋርዳል፤ ያን ጊዜ ወደ ነፋሱ አዘንብሎ የነበረው ነጂ ድጋፉን አጥቶ ወደ መኪናው ያጋድላል፤ መኪናው እንዳለፈም ነፋሱ በእጥፍ ተመልሶ የመጣ ይመስለዋል። የድልድይ መጀመሪያ፣ የግንብ መጨረሻ፣ በዛፎች ረድፍ መካከል ያለ ክፍተት ሁሉ ተመሳሳይ ወጥመዶች ናቸው።

የጋደምታ ብስክሌት በዚህ ረገድ አንድ ጥቅምና ሁለት ጉዳት አለው። ጥቅሙ ዝቅተኛ መሆኑ ነው፤ በመሬት አጠገብ ነፋስ ደካማ ነው፤ የሚገፋበትም ከፍታ አጭር ነው። የመጀመሪያው ጉዳት ከዚሁ ዝቅተኛነት የሚመነጭ ነው። በመዳፍ ላይ ረዥም ዘንግ ማቆም ቀላል ሲሆን እርሳስ ማቆም ግን አስቸጋሪ ነው፤ አጭሩ ነገር ፈጥኖ ይወድቃልና። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 1.1 ሜትር የሆነው ተራ ብስክሌትና 0.6 ሜትር የሆነው የጋደምታ ብስክሌት ሲነጻጸሩ፣ ሁለተኛው ለመውደቅ የሚወስድበት ጊዜ በአንድ አራተኛ ያህል ያጥራል። ስለዚህ ነጂው ፈጥኖ መልስ መስጠት አለበት። ሁለተኛው ጉዳት ጀርባው በመቀመጫው ላይ ያረፈ ሰው ሰውነቱን እንደ ልቡ ለማንቀሳቀስ አለመቻሉ ነው፤ ሚዛኑን የሚጠብቅበት መሣሪያ መሪው ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ መከለያው የሚታሰርበት ቦታ ከቅርጹ ያላነሰ ዋጋ አለው። መከለያው በመሪው ላይ ከታሰረ ነፋሱ መከለያውን ሲገፋ መሪውን አብሮ ያዞራል፤ ነጂው ከነፋሱ ጋር በእጁ ይታገላል። መከለያው በቴላዮው ላይ በጽኑ ከታሰረ ግን መሪው ነፃ ሆኖ ይቀራል። የፊት ጎማን በዝርግ ሽፋን መዝጋትም ለተመሳሳይ ምክንያት በነፋስ ቀን አይመከርም። አንዳንድ ነጂዎች የፊት መከለያውን ብቻ ከጠንካራ ነገር አድርገው የጎኑን ክፍል ከሚለጠጥ ጨርቅ ይሠሩታል፤ ነፋስ ሲበረታ ጨርቁ ይወልቃል። ይህ መፍትሔ ጥቂት ፍጥነት ቢያስቀርም፣ ነጂው እንደ ቀኑ ሁኔታ የሸራውን መጠን እንዲወስን ያስችለዋል። ባሕረኛ ሸራውን የሚያጥፈው ፈሪ ሆኖ አይደለም።

የአውሮፕላን ምሕንድስና የሚያውቅ ሰው መፍትሔውን በጅራት ላይ ሊፈልግ ይችላል። የግፊት ማዕከሉ ከክብደት ማዕከሉ ኋላ ከሆነ አካሉ እንደ ነፋስ አመልካች አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል፤ ይህ ለሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ጠቃሚ ነው። ለሁለት ጎማ ግን ነገሩ ይህን ያህል ቀላል አይደለም። አፍንጫው ወደ ነፋሱ ሲዞር ጎማዎቹ ከነጂው ሥር ወደ ነፋሱ ያመልጣሉ፤ አካሉም ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን ይወድቃል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው በሽታ ይሆናል። በሦስት ጎማ የተፈተነ ቅርጽ በሁለት ጎማ ላይ እንዳለ መገልበጥ የሌለበት ስለዚህ ነው።

ዝናብ

ዝናብ ለብስክሌት ነጂ ከሦስት ወገን ይመጣል፤ ከላይ ከሰማይ፣ ከታች ከራሱ ጎማ፣ ከጎን ከሚያልፉ መኪኖች። የፊት መከለያ በእነዚህ ላይ የሚሰጠው ጥቅም በፍጥነት ላይ ከሚሰጠው ይልቅ በቶሎ የሚታይ ነው። በጋደምታ ብስክሌት ላይ ከሁሉ ቀድመው የሚረጥቡትና የሚቀዘቅዙት ወደ ፊት የተዘረጉት እግሮች ናቸው፤ መከለያው እነርሱንና ጉልበትን ደረቅ አድርጎ ይይዛል። በብርድ ዝናብ አንድ ሰዓት የሚጓዝ ሰው የእግሩ ጣቶች ሳይደነዝዙ መድረሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ራስና ትከሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመከለያው በላይ ስለሚቀሩ ዝናቡን ይቀበላሉ።

ከዚህ ላይ የእይታ ጉዳይ ይነሣል። ብርሃን የሚያሳልፈው ፕላስቲክ ደረቅ ሲሆን እንደ መስተዋት የጠራ ነው። የዝናብ ጠብታ ሲያርፍበት ግን እያንዳንዱ ጠብታ ትንሽ ሌንስ ይሆናል፤ በሌሊት ከፊት የሚመጣ የመኪና መብራት በሺህ ቦታ ተበትኖ መንገዱን ይሰውረዋል። ስለዚህ የመከለያው የላይኛ ጠርዝ ከዓይን መስመር ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ነጂው በመከለያው ውስጥ ሳይሆን ከበላዩ እንዲያይ ተደርጎ መሠራት አለበት። ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍታ የፍጥነት ጥቅም ቢኖረውም ሊታይ የማይችል ጉድጓድ ግን ዋጋው ከዚያ በላይ ነው።

ሙሉ መከለያ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል፤ ዝናቡ ከውጭ ሲከለከል ከውስጥ ይወለዳል። የሰው አካል ከሚጠቀምበት ምግብ ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ይሆናል። 100 ዋት ለፔዳል የሚሰጥ ሰው 300 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። ይህ ሙቀት በላብ ትነት ብቻ ቢወገድ በሰዓት ከ0.4 ሊትር በላይ ውኃ በመከለያው ውስጥ ይተናል ማለት ነው። የአየር መግቢያና መውጫ ከሌለ ይህ ውኃ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ተመልሶ ጤዛ ይሆናል፤ ነጂውም ከዝናብ ተጠብቆ በገዛ ላቡ ይረጥባል። የአየር መግቢያ ሲከፈት ደግሞ ጥቂት የአየር ተቃውሞ ይጨምራል። የፍጥነት ተወዳዳሪ ለጥቂት ደቂቃ ይህን ቀዳዳ ሊዘጋው ይችላል፤ የዘወትር መንገደኛ ግን ሊዘጋው አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የፍሬን ጉዳይ ነው። ቸርኬን ከግራና ከቀኝ ጨምቆ የሚያቆም ፍሬን፣ በተለይ ቸርኬው ክሮም የተቀባ ብረት ሲሆን፣ በውኃ ሲርስ አብዛኛውን የመያዝ ችሎታውን ያጣል፤ ቸርኬው ተጠርጎ እስኪደርቅ ድረስም ጎማው ጥቂት ዙር መዞር አለበት። መከለያ ያለው ብስክሌት ከተራው ይልቅ ፈጣን ነው፤ ቁልቁለት ላይም የአየር ተቃውሞ አያግዘውም። ተራ ብስክሌት ቁልቁለት ሲወርድ አየሩ ራሱ እንደ ፍሬን ያገለግለዋል፤ መከለያ የለበሰው ግን ይህን ፍሬን ጥሎታል። ስለዚህ ፍጥነት የጨመረ ሰው ፍሬንንም መጨመር ይኖርበታል። በጎማው እምብርት ውስጥ የተሸሸገ የታምቡር ፍሬን ወይም የዲስክ ፍሬን ለዚህ የተሻለ ነው። ረዥምና ዝቅተኛ የሆነ የጋደምታ ብስክሌት በፊት ፍሬን ሲያዝ በቀላሉ ወደ ፊት አይገለበጥም፤ በደረቅ መንገድ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በእርጥብ መንገድ ግን የሚወስነው የጎማው መያዝ ነው። በመንገድ ላይ የተቀባ ነጭ መስመር፣ የትራም ሐዲድ፣ የረገፈ ቅጠል ለሁለት ጎማ ሁሉ ጠላት ነው።

ከሁለት ጎማ ወደ ሦስት ጎማ

ነፋስና ዝናብ የዕለት እንጀራቸው የሆነ አገሮች ለዚህ ጥያቄ የራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል። በዴንማርክ ካርል ጊዮርግ ራስሙሰን «ላይትራ» የተባለ፣ ሦስት ጎማ ያለውና በመከለያ የተሸፈነ ተሽከርካሪ በ1980ዎቹ ማቅረብ ጀመረ። በኔዘርላንድ ባርት ፈርሄስ ከስስ አሉሚኒየም ቆርቆሮ እንደ አውሮፕላን አካል በብሎን ሳይሆን በሪቬት የተያያዘ ባለ ሦስት ጎማ ነደፈ፤ በ1990ዎቹም በድሮንተን ከተማ ይሠራ ጀመር። ስሙ «አለቬደር» ተባለ፤ ትርጓሜው «ለማናቸውም የአየር ጠባይ» ማለት ነው። በ2000 ደግሞ «ክዌስት» የተባለው ፈጣን ባለ ሦስት ጎማ በዚያችው ከተማ ተከተለ።

ድሮንተን የምትገኝበት ቦታ ነገሩን በከፊል ያስረዳል። ከተማዋ የቆመችው በ1957 ከባሕር ተነጥቆ በደረቀ፣ ከባሕር ጠለል በታች ባለ ሜዳ ላይ ነው። ተራራ የለም፤ ነፋስን የሚያግድ ነገርም ጥቂት ነው። ከሌሊስታድ ወደ ኤንክሃውዘን የሚያደርሰው የሃውትሪብ ግድብ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ በግራና በቀኝ ውኃ እየታየ የሚኬድበት ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ነፋስ ከጎን ሲነሣ መጠለያ የለም፤ የጀመረው ሰው መጨረስ ወይም መመለስ አለበት። በዚህ አገር ያለ ሠሪ ፀጥ ላለ ምሽት ብቻ የሚሆን መሣሪያ ቢሠራ ገዢ አያገኝም።

ሦስት ጎማ የጎን ነፋስን ጥያቄ በመሠረቱ ይለውጠዋል። መሣሪያው እንዳይወድቅ ማዘንበል አያስፈልገውም፤ ድንገተኛ ግፊት ሲመጣ አቅጣጫውን ጥቂት ያስታል እንጂ ሚዛኑን በቀላሉ አይነሣውም። እንዲያውም ተስማሚ ማዕዘን ያለው የጎን ነፋስ በመከለያው ላይ እንደ ሸራ ሠርቶ ወደ ፊት ሊገፋው ይችላል። ባላጋራ የነበረው ነፋስ አንዳንድ ጊዜ አጋዥ ይሆናል ማለት ነው። በእርጥብ መንገድም ጎማው ቢንሸራተት ነጂው ተንጋሎ አይወድቅም። ሞሼ ለፍጥነት ሲል ከአራት ጎማ ወደ ሁለት ወረደ፤ ዴኖችና ደቾች ደግሞ ለክፉ ቀን ሲሉ ከሁለት ወደ ሦስት ወጡ። ሁለቱም በየራሳቸው ጥያቄ ፊት ትክክል ነበሩ።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ሦስት ጎማና ሙሉ አካል ሲጨመር ክብደቱ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። ከተራ ብስክሌት የሚበልጥበት 20 ኪሎ ግራም ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በመቶ 5 በሚወጣ ዳገት ላይ ይህ ትርፍ ክብደት 10 ኒውተን ያህል ወደ ኋላ ይጎትታል። ተራ ብስክሌት በሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከአየር የሚደርስበት ተቃውሞ ከዚህ ጥቂት ያንሳል። በሜዳው የተቆጠበው በዳገቱ ይከፈላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ደግሞ የአየሩ ጥግግት በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚያንስ መከለያው የሚያተርፈው በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ዳገቱ ግን አይቀንስም። በአንድ አገር ጥበብ የሆነው ነገር በሌላው አገር ሸክም ሊሆን ይችላል፤ ስሌቱ እንደየቦታው እንደ ገና መሠራት አለበት። የመሣሪያው ዝቅተኛነትም በከተማ ትራፊክ ውስጥ ነጂውን ከአሽከርካሪ ዓይን ሊሰውረው ስለሚችል፣ ብዙዎች በረዥም ዘንግ ላይ ባንዲራ ይተክሉበታል።

ለነዳፊ የሚተርፈው ትምህርት

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ለብስክሌት ብቻ የሚሆን አይደለም። አንድን መሣሪያ በአንድ ቁጥር መመዘን ሁልጊዜ ያጓጓል፤ ቁጥሩ ግልጽ ነው፤ ከሌላው ጋር ይወዳደራል፤ ለምስጋናም ይመቻል። የአየር ተቃውሞን ወደ አንድ አሥረኛ ማውረድ በእርግጥ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ያ ቁጥር የተገኘው ነፋሱ ከፊት ብቻ ይመጣል፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ነጂው አይቆምም በሚሉ ሦስት ግምቶች ላይ ነው። ግምቶቹ በወረቀት ላይ ሳይጻፉ ሲቀሩ በመንገድ ላይ የሚከፍላቸው ነጂው ነው።

ስለዚህ መከለያ የሚነድፍ መሐንዲስ ከፍጥነቱ አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ነፋስ በድንገት ከጎን ሲመታ መሣሪያው ወደ የት ይሄዳል? ነጂውስ ምን ያህል ጊዜ አለው? መከለያው በመንገድ መካከል ያለ መፍቻ ሊወልቅ ይችላልን? በሌሊት ዝናብ ነጂው በምን በኩል ያያል? በረጠበ ቁልቁለት በስንት ሜትር ውስጥ ይቆማል? ቢወድቅስ ከውስጥ ብቻውን መውጣት ይችላልን? ለእነዚህ መልስ ያለው ንድፍ በፀጥታ ቀን ከሌላው ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢዘገይ የሚያሳፍረው አይሆንም። መልስ የሌለው ንድፍ ግን የቱንም ያህል ቢፈጥን ሥራው ገና አልተጠናቀቀም፤ ቀሪውን የምሕንድስና ሥራ በዝናብ ውስጥ፣ በጭነት መኪና አጠገብ፣ በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ እንዲሠራ ለነጂው ትቶለታል። እንዲህ ያለውን ሥራ በማንም ጫንቃ ላይ መጣል አይገባም።